ለሁለት ሰው በተሠራ ካያክ ሦስተኛ መሆን

ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ በወንድሙ ሀብት ይቀናል። እኔ በአርባ ስምንት ዓመቴ የቀናሁት በአንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ነው። ቀላል ቅናት እንዳይመስላችሁ። ሰኞ ሱቅ ከፍቼ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ገጽ የሚያዘልለኝ ዓይነት ነበር።

ሰበታ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። የቆርቆሮ ነጋዴው ሱቅ ዓለም ገና ነው። መጀመሪያ የተዋወቅነው የኪራይ ውል ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ፣ ከጀርባዬ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን መንጠቆ አይቶ «አንተም ታጠምዳለህ?» ያለኝ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት፣ እሑድ እሑድ በእሱ አሮጌ ፒካፕ የጅማን መንገድ ይዘን፣ ተጂን አልፈን፣ አዋሽ ዳር ቆመን ዓሣ ስናጠምድ ኖረናል። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። እሱ ትል ያቀርባል፣ እኔ የተወሳሰበ ክር እፈታለሁ። ክር የሚፈታ ሰው እንደ እኔ አይቶ እንደማያውቅ፣ «ያለ አንተ ምን ይውጠኝ ነበር» እያለ በየሳምንቱ ይነግረኝ ነበር።

እዚህ ላይ የዓሣውን ነገር ማስረዳት አለብኝ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። እንደ አገሩ ልማድ እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም፣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላም። ልጄን ክርስትና ሳስነሳ ለእሱና ለቤተሰቡ ለብቻ ጠረጴዛ ዘርግቼ የራሳቸውን ሥጋ በራሳቸው ሰው አሠርቼ አቀረብኩ። እኔም በኢድ ቀን ሳሎኑ ውስጥ ከእንግዶቹ መሀል ለስላሳና ሙዝ ይዤ እቀመጣለሁ። እንዋደዳለን፣ ግን ሳህናችን ለየብቻ ነው። ዓሣ ግን አይታረድም። ማንም በማንም ስም ቢላ አያነሳበትም። ስለዚህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለታችን ከአንድ ሳህን የበላነው ሥጋ፣ አዋሽ ዳር ከሰል አያይዘን የጠበስነው ዓሣ ብቻ ነው። አምባዛ ከያዘ ወደ ውሃው ይመልሰዋል፤ እናቴ «ቅርፊት የለውም» ብላ ከልጅነቴ ስለከለከለችኝ እንደማልበላው ያውቃል። ቢልጫ የያዝን ቀን ደግሞ፣ ያ ወርቅማ ቅርፊት ያለው፣ ጭንቅላቱን ለይቶ ወደ እኔ ይገፋዋል። ጭንቅላቱ የእኔ ነበር።

ከምንቆምበት ዳር ማዶ፣ ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ውሃው ይጠቁራል። ጠዋት ጠዋት ትልልቆቹ ቢልጫዎች እዚያ ይዘላሉ። በእግር አይደረስበትም፣ ክራችንም ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቃል። ዘጠኝ ዓመት እያየነው ተመኘነው። «አንድ ቀን» ይላል እሱ። «አንድ ቀን» እላለሁ እኔ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ቀን ባይመጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ቀኑ በከረጢት ተጠቅልሎ መጣ። ጓደኛዬ መርካቶ አንድ ቦታ አግኝቶት ነው። ደብተር የሚገዙ ሰዎች ቆመው እያለ ባንኮኒዬ ላይ ዘረገፈው፤ ግራጫ ጎማ፣ ሁለት መቀመጫ፣ የሚገጣጠሙ መቅዘፊያዎች። በአየር የሚነፋ ጀልባ ነው፣ ካያክ ይባላል አለኝ።

«ለሁለት ሰው ነው» አለ። «አንዱ አንተ ነህ።»

ሳቅኩ። «ይሄማ የልጆች መጫወቻ ነው! ሁለት ሽማግሌ ፊኛ ላይ ተቀምጠን ገበሬው ሁሉ ሊስቅብን?»

ደብተር ገዢዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ዋና አልችልም፣ ውሃ እፈራለሁ ማለት ነበረብኝ። እሱም ዋና አይችልም፤ ቢያንስ አብረን እንፈራ ነበር። ግን በሰው ፊት ሆነብኝና ቀልዱን ቀጠልኩበት። ካያኩን ቀስ ብሎ አጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተና «እሺ፣ ካልክ» ብሎ ወጣ።

በሦስተኛው እሑድ ፒካፑ ሱቄ ፊት ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ ወጣሁ። የፊተኛው ወንበር፣ ወንበሬ ላይ፣ ሰው ተቀምጧል።

የቡራዩ ሰው ነው። የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ከልጅነቱ ውሃ ውስጥ ያደገ ዋናተኛ። እንዳየኝ ከመኪናው ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጠኝና «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ከፊት ይሁኑ» አለኝ። ምነው ባለጌ በሆነልኝ! ባለጌ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። «ግድየለም፣ ከኋላ ይመቸኛል» አልኩና ከኋላ ገባሁ። እስከ ተጂ ድረስ የሁለቱን ማጅራት እያየሁ ሄድኩ። በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልሰማሁም።

ያን ቀን ገደሉ ሥር ደረሱ። እኔ ከማዶ ቆሜ አየሁ። ዘጠኝ ዓመት የሁለታችን ምኞት የነበረው ቦታ ላይ፣ የአንድ ቧንቧ ሻጭ መቅዘፊያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጓደኛዬን አደረሰው። ክንዴን የሚያህሉ ሦስት ቢልጫ ይዘው ተመለሱ። ጓደኛዬ ገና ሳይወርድ «አየህ? አየህልኝ?» ይለኛል። አየሁ። እንዳላይ ፊቴን ባዞር ደስ ባለኝ።

የባሰው ምሳ ላይ መጣ። እንደ ጓደኛዬ ሙስሊም የሆነው የቡራዩ ሰው ሚስቱ የሠራችለትን የበግ ጥብስ በምሳ ዕቃ ይዞ ነበር። ከፍቶ በመሀላቸው አኖረው። ከዚያ እኔን አየና ደነገጠ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አላሰብኩም…» አለ። «ብሉ፣ ብሉ» አልኩ። በሉ። በዘጠኝ ዓመት ያላደረግነውን እነሱ በአንድ እሑድ አደረጉት፤ እነሱ አብረው ለመብላት ዓሣ አያስፈልጋቸውም። ዓሣው ሲጠበስ ጓደኛዬ ጠግቦ ነበር። ሁለቴ ቀመሰና ጭንቅላቱን ከዚያ ማዶ ገፋልኝ። አጥንቱን ስግጥ እንባዬ መጣ። ጭሱ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔው ልናገር። ሱሉልታ አንድ መዝናኛ ውስጥ ኩሬ አለ፤ ሰው በግማሽ ሰዓት ጀልባ ይከራያል። በአየር የሚነፋ ካያክም አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለሚስቴ ትቼ፣ ከሰበታ አዲስ አበባን አቋርጬ፣ ሚኒባስ እየቀያየርኩ እንጦጦን ተሻግሬ መቅዘፍ ልማር ሄድኩ። ለሚስቴ ወረቀት አከፋፋይ ጋ ነኝ አልኳት።

ጀልባ የምታከራየው በዕድሜ የምትቀርበኝ፣ ቆፍጣና ሴትዮ ናት። መጀመሪያ ቀን መቅዘፊያውን ገልብጬ ይዤ አንድ ቦታ ላይ ስሽከረከር፣ ዳር የተቀመጡ ፍቅረኞች በስልካቸው ሲቀርጹኝ፣ እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጮሃለች፤ «በክንድህ አትታገለው! ከወገብህ ዙር! እሱ ካንተ ጋር ምን ጠብ አለው?» ሁለተኛ ቀን ስወርድ ተገልብጬ ወደቅኩ። ኩሬው ወገቤ ድረስ ነው፤ እኔ ግን ጸሎቴን ጨርሼ ነበር። የሱሉልታ ብርድ እርጥብ ሱሪ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። በአምስተኛው ቅዳሜ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ስወርድ ሴትዮዋ የአየር መግቢያውን ቫልቭ ከፍታ ትንሽ አየር ስታስወጣ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ፀሐይ ወጣ። አየር ሲሞቅ ያብጣል፤ ወጥረህ ከተውከው ስፌቱን ይተረትረዋል» አለችኝ። ትምህርት ወዳድ ነኝ፣ ያዝኩት።

ቤት ደግሞ ሚስቴ ሱሪዬን ታሸታለች።

«ወረቀት ያረጥባል?»

«ዝናብ ነው።»

«በጥር?»

ዓይኗ ውስጥ ያለውን አወቅኩት። በየእሑዱ በራሴ ፊት ላይ የማውቀው ነገር ነው። ክፉ ነኝና፣ በዚህ ቤት ውስጥ የምቀና እኔ ብቻ ባለመሆኔ ትንሽ ደስ አለኝ። ኋላ ግን አላስችል ብሎኝ እውነቱን ነገርኳት። ሌላ ሴት ብላት ይሻላት ነበር መሰለኝ። «ለእሱ ብለህ?» አለች። «በሃያ ዓመት ለእኔ ስትል የተማርከውን አንድ ነገር ንገረኝ።» አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ሱሪዬን ላሰጣ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ተዘጋጅቼ ወጣሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ዛሬ ወንበሬን እመልሳለሁ ብዬ። ተጂ ስንደርስ የቡራዩ ሰው «የእግር ፓምፑ ላስቲኩ ተቀዷል፤ ጎሚስታ ጋ እናስሞላው» አለ። እዚህ አገር አየር የሚገባበት ነገር ሁሉ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል፤ ኳስም ቢሆን፣ የሠርግ ድንኳን በርም ቢሆን። ጎሚስታው ካያክ አይቶ አያውቅም፣ ጎማ ግን ያውቃል። የኮምፕረሰሩን አፍ ሰካና እንደ መኪና ጎማ ሞላው። በጡጫው መታው፤ ከበሮ ሆኗል። «በቃ፣ ጅማ ድረስ ይወስዳችኋል» አለና ሳቀ።

ቫልቩ አጠገብ በደቃቅ እንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ከዚህ በላይ አይሞላም፣ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ አይተውም። ማንም አላየውም። እኔ አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳነብ ነው የምውለው። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ቅንጣት አልጎደጎደም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ጓደኛዬ የቡራዩውን ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ያለ አንተ ምን ይውጠኝ ነበር» አለው።

አፌን ዘጋሁ።

ይፈንዳ አልኩ በሆዴ። ዳር ላይ ይፈንዳ፣ በጓደኛዬ ፊት ይፈንዳ፣ የቡራዩ ሰው ጎሚስታ ያስወሰድከው አንተ ነህ ይባል፣ ይፈር። ውሃ ላይ ብዬ አላሰብኩም፤ በእመቤቴ እምላለሁ። ግን መሐላው እኔንም ብዙ አያጽናናኝም።

ፒካፑ ላይ አስረነው ሄድን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ረፋድ ነው፣ ፀሐዩ በርትቷል። ካያኩ አሸዋው ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። መንጠቆ ጣልን፤ የቡራዩ ሰው አንዲት ትንሽ ቢልጫ ያዘ። ካያኩ ግን አልፈነዳም። በየደቂቃው ዞር ብዬ አየዋለሁ። ከዚያ የቡራዩ ሰው መጣና እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይግቡ። እኔ ትከሻዬን አሞኛል።»

ትከሻው ደህና ነበር። ቅድም ካያኩን ብቻውን ተሸክሞ ያወረደው እሱ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ከኋላው ቆሞ እንደ ልጅ ፈገግ ብሎ ያየኛል፤ ሁለቱ ተመካክረው ነው። ሦስት ወር የተመኘሁት ወንበር ተለቆልኝ፣ አሁን «አየሩ በዝቷል» ብል «መቼ አወቅክ?» እባላለሁ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉትን ላይፍ ጃኬቶች ሊያመጡ ወደ መኪናው ሲሄዱ ጎንበስ ብዬ የቀኙን ቫልቭ ከፈትኩና ትንሽ አስተነፈስኩት። ይበቃል አልኩ። ጀማሪ ነኛ፣ ግራና ቀኙ የየራሳቸው አየር እንዳላቸው አላውቅም። የሱሉልታው ቫልቭ አንድ ነበር።

ገባን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቀዘፍኩ። ከወገቤ ዞርኩ፣ ካያኩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጓደኛዬ አንገቱን አዙሮ አየኝ፣ አፉ ተከፍቷል።

«የት ተማርክ?»

«ሱሉልታ።»

«ያ አላህ! ለዚህ ብለህ ሱሉልታ ድረስ?» ሳቀ፣ ሳቀ፣ ካያኩ ተወዛወዘ። «ወላሂ፣ አንተ እብድ ነህ!»

ገደሉ እየቀረበ መጣ። ጥላው ደረሰብን፣ ውሃው ጠቆረ። እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አየሩን ረስቼው ነበር።

ግራው በአንድ ጊዜ ተተረተረ። ድምፁ ጣቃ ሲቀደድ ዓይነት ነው። ካያኩ ወደ ግራ ወደቀ፣ ጓደኛዬም አብሮት። ላይፍ ጃኬቱ ወደ ላይ አወጣው፤ አፉ ውሃ ሞልቷል፣ እጁ አየር ይቧጥጣል። «ያዘኝ!» አለ። ኮሌታውን ያዝኩ። እኔም በቀኙ በኩል ተንጠልጥዬ ነው፣ ከማን ጋር እንደምታገል አላውቅም። ወዲያው ከኋላችን የሚንቦጫረቅ ነገር ሰማሁ። የቡራዩ ሰው ከነሸሚዙ ገብቷል። አንገቱ ሥር እጁን አስገብቶ ጓደኛዬን፣ በጥርሱ የካያኩን ገመድ ይዞ እኔን፣ ሁለታችንንም ጎትቶ አሸዋው ላይ ጣለን።

ጓደኛዬ ሳለ፣ ተፋ፣ ተቀመጠ። መናገር ሲችል ግን የጮኸው በሰውዬው ላይ ነው።

«ጎሚስታ ያስወሰድከን አንተ ነህ! ከበሮ እስኪሆን ያስሞላኸው አንተ ነህ! ወንድሜን ልትገድለው ነበር!»

ልትገድለኝ አላለም። ወንድሜን አለ።

የቡራዩ ሰው ውሃው እየተንጠባጠበበት አንገቱን ደፋ። «አውፍ ይበሉኝ ጋሼ» አለኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ከእንግዲህ እሑድ አትምጣ» አለው ጓደኛዬ።

የቡራዩ ሰው ወደ መኪናው ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ሸሚዙን ይጨምቅ ጀመር።

ጓደኛዬ ከሰሉን አያያዘ፤ ያቺን ትንሽ ቢልጫ ጠበሰ። ሳህኑ መጣ። እሱና እኔ፣ አንድ ሳህን፣ በመሀላችን ሌላ ሰው የለም፤ ልክ እንደ ድሮው። ጭንቅላቱን ለይቶ ገፋልኝ። «ብላ፣ ደንግጠሃል» አለ። ሦስት ወር ሙሉ የተመኘሁት ሁሉ ፊቴ ቀረበ፤ ወንበሬም፣ ጭንቅላቱም፣ «ወንድሜ»ም። አነሳሁት። አፌ ድረስ አድርሼ መለስኩት።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ምኑን?»

«አየሩን። ጎሚስታው ጋ። እንዳይበዛ ተጽፎበታል፣ አንብቤዋለሁ።»

«እና?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

ሽበት ላወጣ ሰው ከባድ ቃል ነው። «ቀናሁ» አልኩት።

እጁን ከሳህኑ አነሳ። ሣር ላይ ጠረገው። ከዚያ ወደ መኪናው ዞሮ «ኮቱ! ና ብላ!» ብሎ የቡራዩን ሰው በሁለቱም ቋንቋ ጠራው። ሳህኑን ከፊቴ አነሳና ለሚመጣው ሰው አኖረለት። ሁሉንም በኦሮምኛ ነገረው። የሰማሁትን ሁሉ ተረዳሁ፤ ያን ቀን ቋንቋውን ባላውቀው በወደድኩ። የቡራዩ ሰው ዓሣውን እያየ ሰማ። ሲጨርስ ወደ እኔ ሳያይ በአማርኛ «እኔም እኮ ማንበብ እችላለሁ፤ አላየሁትም እንጂ» አለና በላ። ጭንቅላቱን ግን አልነካውም። ማንም አልነካውም። ስንነሳ የገበሬው ውሻ ይዞት ሄደ።

ሁለት እሑድ አልመጡልኝም። ሱቅ ዘግቼ፣ ለብሼ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሚስቴ ከኋላዬ አለፈች፣ ተመለሰች፣ ሻይ አስቀመጠችልኝ። በሦስተኛው ጡሩምባው ተነፋ። የፊተኛው ወንበር ላይ የቡራዩ ሰው አለ። ከኋላ ገባሁ። ካያኩን ጎሚስታው እንደ መኪና ጎማ ለጥፎታል፤ ግራጫው ላይ ጥቁር ምልክት ይታያል።

አሁን ሦስታችን እንሄዳለን። ጎሚስታ ቀርቷል፣ በእግር ፓምፕ የምነፋው እኔ ነኝ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም። ግራውን እነፋለሁ፣ ቀኙን እነፋለሁ፣ ወደ ጥላ እጎትተዋለሁ፣ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ገደሉ ሥር በየተራ እንሻገራለን። የእኔ ተራ ባልሆነ ቀን ሳቃቸው ከማዶ ሲመጣ አሁንም ይቆጠቁጠኛል፤ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። የዓሣው ጭንቅላት ለቀዘፈው ሰው ሆኗል፣ በግ የሚያመጣም የለም።

አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ቀርቷል። ጓደኛዬ ድሮ እኔ «ግባ» ካልኩት ውሃም ሆነ ጭቃ ሳያይ የሚገባ ሰው ነበር። አሁን እግሩን ካያኩ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ይቆማል። ካያኩን ሳይሆን እኔን ያያል።

«አየሩ እንዴት ነው?»

የቡራዩ ሰው ይኼኔ ወደ ማዶ ያያል። እኔ እንደገና እጫነውና «ደህና ነው» እለዋለሁ። ጓደኛዬም ጎንበስ ይልና በራሱ አውራ ጣት ይጫነዋል።